«ውጤታማ» ማለት ምን ማለት ነው? የአንድ አሳብ ታሪክ በምሕንድስና፣ በጤና ጥበቃ፣ በእርሻና በትምህርት

መግቢያ

ስለ ትምህርት ሥራ በሚዘጋጁ ዕቅዶችና ዘገባዎች ውስጥ «ውጤታማ» የሚለውን ያህል የሚደጋገም ቃል ማግኘት ያስቸግራል። ውጤታማ መምህር፣ ውጤታማ የማስተማር ዘዴ፣ ውጤታማ ትምህርት ቤት፣ ውጤታማ የበጀት አጠቃቀም ይባላል። ቃሉ በተነሣ ቁጥር ሁሉም የተስማማ ይመስላል። ይሁን እንጂ መምህሩ፣ ርእሰ መምህሩ፣ ዕቅድ አውጪውና ወላጁ ስለ አንድ ትምህርት ቤት ሲወያዩ አራት ልዩ ልዩ ነገሮችን በአንድ ስም እየጠሩ ሊሆን ይችላል።

ቋንቋችን በዚህ ረገድ ሁለት ቁም ነገሮችን ያስተምረናል። አንደኛው «ውጤት» በሚለው ቃል ውስጥ ይገኛል። ቃሉ «ወጣ» ከሚለው ግሥ የተገኘ ሲሆን ከአንድ ሥራ የሚወጣውን ፍሬ ያመለክታል። በትምህርት ቤት ግቢ ግን «ውጤት» ሲባል ተማሪው አስቀድሞ የሚያስበው በካርዱ ላይ የሚጻፈውን ቁጥር ነው። ፍሬውና የፍሬው ምልክት በአንድ ስም ስለሚጠሩ አንዱን በሌላው መተካት ቀላል ሆኗል። ሁለተኛው ቁም ነገር «ፍቱን» በሚለው ቃል ውስጥ አለ። በእርግጥ የሚያድን መድኃኒት ፍቱን ይባላል፤ የተፈተነ ማለት ነው፤ ሥሩም «ፈተና» ከሚለው ቃል ጋር አንድ ነው። ነገር ግን በሕክምና የሚፈተነው መድኃኒቱ ነው። በሽተኛው ሳይድን ቢቀር ወደቀ የሚባለው መድኃኒቱ እንጂ በሽተኛው አይደለም። በትምህርት ቤት ግን የሚፈተነውም፣ ወደቀ የሚባለውም ተማሪው ነው።

ይህ ጽሑፍ የውጤታማነት አሳብ በልዩ ልዩ ሙያዎች እንዴት እንደተወለደና እንዴት ወደ ትምህርት እንደገባ በታሪክ ቅደም ተከተል ለመመርመር ይሞክራል። የጽሑፉ ዋና መከራከሪያ የሚከተለው ነው፤ ውጤታማነትን በመለካት የተሳካላቸው ሙያዎች አስቀድመው «ምንን ለማስገኘት? ለማን? ሳይደረስለት የቀረው ማን ነው?» የሚሉትን ጥያቄዎች የመለሱ ናቸው። ትምህርት ግን ብዙ ጊዜ መለኪያውን ከሌላ ሙያ ሲዋስ ጥያቄዎቹን ትቶ ቁጥሩን ብቻ ወስዷል። በጽሑፉ ውስጥ የውጭ አገር ድርጊቶች ዘመን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.)፣ የአገራችን ደግሞ በዓመተ ምሕረት ተጠቅሷል።

1. ከሞተር የተወሰደ መለኪያ

ውጤታማነትን በቁጥር በመለካት ረገድ ቀዳሚ ከሆኑት ሙያዎች አንዱ ምሕንድስና ነው። እንግሊዛዊው ቶማስ ኒውኮመን እ.ኤ.አ. በ1712 የሠራው የእንፋሎት ሞተር ከማዕድን ጉድጓድ ውሃ ለማውጣት ያገለግል ነበር። ሞተሩ ውሃውን ያወጣል፤ ነገር ግን እጅግ ብዙ ከሰል ይፈጃል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ዋት እ.ኤ.አ. በ1769 የፈጠራ መብት ያገኘበት ማሻሻያ የከሰሉን ፍጆታ በብዙ ቀነሰው። ዋትና ሸሪኩ ማቲው ቦልተን የሚጠይቁት ክፍያም ከዚሁ የመነጨ ነበር። አዲሱ ሞተር ከኒውኮመን ሞተር ጋር ተነጻጽሮ ካዳነው የከሰል ዋጋ አንድ ሦስተኛውን ይቀበሉ ነበር።

የኮርንዎል አውራጃ የማዕድን ባለቤቶች ይህን ሞተር ፈጥነው ተቀበሉ። አገራቸው ከሰል ስለሌላት ከዌልስ በመርከብ ይመጣላቸው ነበር፤ ዋጋውም ውድ ነበር። በሌላ በኩል ከሰል ራሱ በሚቆፈርባቸው ሥፍራዎች ብዙ ባለቤቶች በአሮጌው ሞተር መጠቀማቸውን ቀጠሉ። ለገበያ የማይሆን ደቃቅ ከሰል በደጃቸው ተከምሮ ስለነበረና አሮጌው ሞተር ለመሥራትም ሆነ ለመጠገን ርካሽ ስለነበረ ነው። እንግዲህ የአንድ ሞተር ውጤታማነት እንኳ በሞተሩ ውስጥ ብቻ የሚገኝ ጠባይ አልነበረም። በዚያ ሥፍራ ጎዶሎ የሆነው ነገር ምንድን ነው ከሚለው ጥያቄ ጋር የተያያዘ ነበር።

እ.ኤ.አ. ከ1811 ጀምሮ በኮርንዎል የየሞተሩን የሥራ ውጤት በየወሩ የሚገልጽ ዘገባ ይታተም ጀመር። መለኪያው ቡሼል በተባለው ስፍር አንድ ስፍር ከሰል ሲነድ ስንት ፓውንድ ክብደት ያለው ውሃ አንድ ጫማ ያህል ወደ ላይ ይወጣል የሚል ነበር። መሐንዲሶቹ የአንዳቸውን ሥራ ከሌላው እያስተያዩ ስለተማሩ የሞተሮቹ አማካይ ውጤት በሦስት ዐሥርት ዓመታት ውስጥ ወደ ሦስት እጥፍ አደገ። ለመለካት የማይመች ሥራ ይዘው ለሚደክሙ መምህራን ይህ የሚያስቀና ታሪክ ነው።

ሆኖም መለኪያው የሠራው ሦስት ሁኔታዎች ስለተሟሉ መሆኑን ማስተዋል ይገባል። በመጀመሪያ፣ የሞተሩ ዓላማ አንድና ግልጽ ነበር። ሁለተኛ፣ የተለካው ነገር ማለትም የወጣው ውሃ የዓላማው ምልክት ሳይሆን ዓላማው ራሱ ነበር። ሦስተኛ፣ ሞተር እየተለካ መሆኑን አያውቅም፤ ስለሆነም ለመለኪያው ብሎ ጠባዩን አይለውጥም። መምህርና ተማሪ ግን እየተለኩ መሆናቸውን ያውቃሉ።

2. በውጤት ልክ መክፈል፦ የእንግሊዝ ትምህርት ቤቶች ልምድ

በሞተር ላይ የተሳካውን አሳብ ወደ ትምህርት ቤት ለማምጣት ከተደረጉት ሙከራዎች እጅግ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1862 በእንግሊዝ የወጣው የተሻሻለ የትምህርት ደንብ ነው። የመነሻው ቅሬታ መሠረት ያለው ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1858 እስከ 1861 የድኾችን ትምህርት የመረመረው ኮሚሽን መምህራን በዕድሜ ከፍ ላሉት ጥቂት ተማሪዎች ሲተጉ ታናናሾቹ ችላ እንደተባሉና ብዙዎቹ ማንበብና መጻፍ በቅጡ ሳይችሉ እንደሚወጡ ገለጸ። ስለዚህ የትምህርት ጉዳይ ኃላፊ የነበረው ሮበርት ሎው መንግሥት ለትምህርት ቤት የሚሰጠው ድጎማ በውጤት ልክ እንዲከፈል ደነገገ። ሥርዓቱ ርካሽ ካልሆነ ውጤታማ፣ ውጤታማ ካልሆነ ደግሞ ርካሽ እንደሚሆን ለምክር ቤቱ ማረጋገጫ ሰጥቶ ነበር።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። ትምህርት ቤቱ ለተማሪዎቹ አማካይ መገኘት በነፍስ ወከፍ 4 ሺሊንግ ያገኛል። ከዚህ ሌላ ዕድሜው ከስድስት ዓመት በላይ ለሆነና በመደበኛነት ለተማረ ልጅ 8 ሺሊንግ ይታሰብለታል። ይሁን እንጂ ተቆጣጣሪው በዓመት አንድ ጊዜ መጥቶ ልጁን በንባብ፣ በጽሕፈትና በሒሳብ ሲፈትነው በወደቀበት በእያንዳንዱ ትምህርት 2 ሺሊንግ ከ8 ፔንስ ይቀነሳል። የመምህሩ ኑሮ በዚሁ ገንዘብ ላይ የተመሠረተ ነበር።

በመንግሥት ሒሳብ በኩል ሲታይ ደንቡ ወዲያውኑ ፍሬ አፈራ። ከ800 ሺህ ፓውንድ በላይ የነበረው ዓመታዊ ድጎማ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ 640 ሺህ ገደማ ወረደ። በክፍል ውስጥ የሆነው ግን ሌላ ነው። ገንዘብ የማያስገኙት ታሪክ፣ ጂኦግራፊና የተፈጥሮ ትምህርት ወደ ዳር ተገፉ። ተቆጣጣሪው የሚያስነብበው ዓመቱን ሙሉ ሲነበብ ከከረመው መጽሐፍ ስለነበር ልጆች መጽሐፉን በቃላቸው አጠኑት። መጽሐፉን ገልብጠው ይዘው እንኳ ሳይሳሳቱ «የሚያነቡ» ልጆች እንደነበሩ ተጽፏል። ባለቅኔውና የትምህርት ቤቶች ተቆጣጣሪው ማቲው አርኖልድ ደንቡ ከወጣበት ጊዜ አንሥቶ አጥብቆ ተቃወመው። በእርሱ አስተያየት ተቆጣጣሪዎች በሜካኒካዊ ብልሃት ከመምህራን ጋር ውድድር ቢገጥሙ በመጨረሻ አሸናፊዎቹ መምህራን ይሆናሉ፤ ልጆቹም ማንበብ ሳይችሉ የንባብ ፈተና የሚያልፉበት መንገድ ይገኛል። ሥርዓቱ ቀስ በቀስ እየላላ ሄዶ በ1890ዎቹ ዓመታት ቀረ።

ከዚህ ታሪክ «መምህራን አታለሉ» የሚል ድምዳሜ ብቻ ማውጣት ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። መምህራኑ በትክክል የተጠየቁትን ፈጸሙ። የተጠየቁት ልጆች አንባቢ እንዲሆኑ ሳይሆን በአንድ ቀን ከአንድ መጽሐፍ አንድ ገጽ እንዲያሰሙ ነበር።

3. ትምህርት ቤት እንደ ፋብሪካ

ከግማሽ ምዕት ዓመት በኋላ ተመሳሳይ አሳብ በአሜሪካ በሌላ መልክ ተነሣ። መሐንዲሱ ፍሬደሪክ ቴይለር እ.ኤ.አ. በ1911 ባሳተመው መጽሐፍ የፋብሪካ ሠራተኛ እያንዳንዱ እንቅስቃሴ በሰዓት ተለክቶ ቢደራጅ ምርት በብዙ እጥፍ እንደሚያድግ አስረዳ። በእርሱ ዘገባ መሠረት በቤተልሔም የብረት ፋብሪካ በቀን 12 ቶን ተኩል ብረት የሚጭን ሠራተኛ በአዲሱ ዘዴ 47 ቶን ተኩል ለመጫን በቅቷል። የትምህርት አስተዳዳሪዎችም ይህንኑ ቋንቋ ፈጥነው ተዋሱ።

በማሳቹሴትስ የኒውተን ከተማ ትምህርት ቤቶች የበላይ ተቆጣጣሪ የነበረው ፍራንክ ስፖልዲንግ እ.ኤ.አ. በ1913 ያቀረበው ስሌት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። እርሱ በአንድ ዶላር ስንት የተማሪ ክፍለ ጊዜ ሊገዛ እንደሚችል አሰላ። በግሪክኛ ትምህርት 5.9፣ በፈረንሳይኛ ግን 23.8 ሆኖ ተገኘ። ግሪክኛ እጅግ ውድ ስለሆነ በዚህ ዋጋ ሊቀጥል አይገባም የሚል መደምደሚያም ተከተለ። ስሌቱ ስሕተት አልነበረበትም፤ ክፍሉ ጥቂት ተማሪዎች ስለነበሩት ለእያንዳንዱ ተማሪ የሚወጣው ወጪ ከፍ ያለ ነበር። ነገር ግን አንዱ ትምህርት ለተማሪው ምን ይሰጠዋል የሚለው ጥያቄ በስሌቱ ውስጥ ሥፍራ አልነበረውም። ስሌቱ የለካው ቅልጥፍናን እንጂ ውጤታማነትን አልነበረም። ቅልጥፍና የተወሰነውን ሥራ በአነስተኛ ወጪ መፈጸም ነው። ውጤታማነት ግን ሥራው የታሰበውን ለውጥ ማስገኘቱ ነው። አንድ ሥራ ምንም ሳይለውጥ ቀልጣፋ ሊሆን ይችላል።

4. የሐኪሞች ጥያቄ

ይህን ልዩነት አብራርቶ በማስቀመጥ ትልቅ አስተዋጽኦ ያደረገው የሕክምና ሙያ ነው። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ሐኪም ጄምስ ሊንድ እ.ኤ.አ. በ1747 ሳልስበሪ በተባለችው መርከብ ላይ የድድ መድማትና የሰውነት መዛል በሚያስከትለው የስከርቪ በሽታ የታመሙ 12 መርከበኞችን መርጦ ሁለት ሁለት አድርጎ በስድስት መደባቸው፤ ለእያንዳንዱ ጥንድም የተለያየ ነገር ሰጣቸው። በየቀኑ ብርቱካንና ሎሚ የተሰጣቸው ሁለቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ አገገሙ። መድኃኒቱ ፍቱን መሆኑ በንጽጽር ታወቀ።

ነገር ግን ይህ እውቀት ወደ መላው ባሕር ኃይል ለመድረስ ብዙ ዘመን ወሰደ፤ የሎሚ ጭማቂ በሰፊው መታደል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1795 ነው። ከመዘግየቱ ምክንያቶች አንዱ ለዕቅድ አውጪዎች እጅግ አስተማሪ ነው። ትኩስ ፍሬ በረጅም ጉዞ ስለሚበላሽ ሊንድ ራሱ ጭማቂውን በሙቀት አወፍሮ በጠርሙስ ማኖርን መክሮ ነበር። ሙቀቱ ግን ዛሬ ቪታሚን ሲ የምንለውን ፈዋሽ ንጥረ ነገር ያጠፋዋል። ስሙ ያው የሎሚ ጭማቂ ነው፤ ኃይሉ ግን ተለይቶታል። በጥቂት የሙከራ ትምህርት ቤቶች በተመረጡ መምህራንና በተሟላ መጽሐፍ የተሳካ ዘዴ፣ 60ና 70 ተማሪ ወዳለበት ክፍል ሲወርድ የሚደርስበት ዕጣ ከዚህ የራቀ አይደለም። ስሙ ይደርሳል፤ ኃይሉ በመንገድ ይቀራል።

ስኮትላንዳዊው ሐኪም አርቺ ኮክረን እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተመው ታዋቂ መጽሐፍ የጤና አገልግሎትን በሁለት ጥያቄዎች መዘነ። ሕክምናው የበሽታውን አካሄድ በእርግጥ ወደ መልካም ይለውጣል ወይ? ይህስ ከሆነ ያለው ሀብትና የሰው ኃይል በአግባቡ ሥራ ላይ ውሏል ወይ? የመጀመሪያው ሳይመለስ ሁለተኛውን መጠየቅ ትርጉም የለውም።

በዚሁ ዘመን የዓለም ጤና ድርጅት ያካሄደው ፈንጣጣን የማጥፋት ዘመቻ ስለ መለኪያ የሚሰጠው ትምህርት ከሁሉ የላቀ ነው። ዘመቻው በመጀመሪያ የተመዘነው በተከተበው ሕዝብ ብዛት ነበር፤ ከመቶ 80 ያህሉ ከተከተበ በሽታው ይጠፋል ተብሎ ታስቦ ነበር። ሆኖም ክትባቱ ከዚህ መጠን ማለፉ በተዘገበባቸው የሕንድ አውራጃዎች እንኳ ፈንጣጣ አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1966 መጨረሻ በምሥራቅ ናይጄሪያ ይሠራ የነበረው ሐኪም ዊልያም ፎጂ ክትባት ሲያጥረው በሽታው የታየባቸውን መንደሮች እያሰሰ በዙሪያቸው ያሉትን ብቻ መክተብ ጀመረ። በወራት ውስጥ፣ የሕዝቡ እኩሌታ እንኳ ሳይከተብ፣ የበሽታው መተላለፍ ተገታ። ከዚህ በኋላ ዋናው ጥያቄ «ስንት ሰው ከተብን?» መሆኑ ቀርቶ «በሽታው ዛሬ የት አለ?» ወደሚል ተለወጠ።

ኢትዮጵያ የዚህ ታሪክ የመጨረሻዎቹ ምዕራፎች ከተጻፉባቸው አገሮች አንዷ ናት። ፈንጣጣን የማጥፋቱ ፕሮግራም በአገራችን ሥራውን የጀመረው በጥር 1963 ዓ.ም. ነው። ከዚያ አስቀድሞ በነበረው የአውሮፓውያን ዓመት ከአገራችን የተዘገበው የሕሙማን ቁጥር ጥቂት መቶ ብቻ ነበር። ፕሮግራሙ በሠራበት በመጀመሪያው ዓመት ግን ቁጥሩ ከ26 ሺህ አለፈ። ዘገባውን ከላይ ከላይ የተመለከተ ሰው ፕሮግራሙ በሽታውን አባባሰው ሊል በቻለ ነበር። እውነቱ ግን የፍለጋ ሠራተኞቹ በእግርና በበቅሎ ገደላ ገደሉን አቋርጠው፣ በየገበያውና በየትምህርት ቤቱ እየጠየቁ፣ ቀድሞም የነበረውን ነገር አገኙት እንጂ አዲስ ነገር አልተፈጠረም። የቁጥሩ ማደግ የመጀመሪያው የውጤታማነት ምልክት ነበር። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ከዓመት ወደ ዓመት ወርዶ በነሐሴ 1968 ዓ.ም. በባሌ ክፍለ ሀገር ዲሞ በተባለች መንደር የአገራችን የመጨረሻው ሕመም ተመዘገበ። በተፈጥሮ መንገድ የተላለፈው የዓለም የመጨረሻ ሕመም እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1977 በሶማሊያ፣ መርካ ከተማ ታየ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1980 ፈንጣጣ ከዓለም መጥፋቱ በይፋ ታወጀ።

5. ውጤታማ ለማን?

ከጤና ወደ እርሻ ስንሻገር ሌላ ጥያቄ ይገጥመናል። እ.ኤ.አ. በ1967 በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት በአርሲ የተቋቋመውና በምኅጻረ ቃል «ካዱ» ተብሎ የሚታወቀው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት ዓላማው የአነስተኛ ገበሬዎችን ገቢ ማሳደግ ነበር። የተሻሻለ ዘርና ማዳበሪያ አቀረበ፤ የብድርና የገበያ አገልግሎት ዘረጋ። በአንድ ሄክታር ከሚገኘው ምርት አንጻር ሲለካ ሥራው የተሳካ ነበር።

ነገር ግን የአካባቢው ገበሬ ብዙው ጢሰኛ ነበር። መሬቱ ይበልጥ አትራፊ መሆኑን የተረዱ ባለርስቶች ትራክተር እያስገቡ ራሳቸው ማሳረስ ጀመሩ፤ በዚህም ሳቢያ በርካታ ጢሰኞች ከመሬቱ ተፈናቀሉ። ድርጅቱ ይህን ለመግታት ቢጥርም የመሬት ይዞታው ሥርዓት ከሥልጣኑ ውጪ ነበር። ኩንታል የሚቆጥር ሰው ስኬት ያያል። የገበሬ ቤተሰብ የሚቆጥር ሰው ግን ሥራው የታሰበላቸው ሰዎች ከሥፍራው መታጣታቸውን ይገነዘባል። ስለሆነም አማካይ ቁጥር ብቻውን በቂ መልስ አይሰጥም። የትምህርት ቤት አማካይ ውጤት ከፍ ባለ ጊዜም ደካሞቹ በርትተው ነው ወይስ ትምህርታቸውን ትተው ስለሄዱ ነው ብሎ መጠየቅ የተገባ ነው።

6. በአገራችን ትምህርት

በአገራችን ነባር ትምህርት ውጤትን መፈተን አዲስ ነገር አይደለም። ፊደል የሚቆጥር ልጅ አስቀድሞ «ሀ ሁ ሂ» እያለ በዜማ ይማራል። ዜማው ለማስታወስ ይረዳል፤ ነገር ግን ልጁ ፊደሉን ሳያይ በዜማው ብቻ ሊወጣው ይችላል። ስለዚህ ከዚያ ቀጥሎ «አ ቡ ጊ ዳ» የሚለው ገበታ ይመጣል። በዚህ ገበታ ፊደላቱ ከተለመደው ተራ ወጥተው፣ የመጀመሪያው ግእዝ፣ ሁለተኛው ካዕብ፣ ሦስተኛው ሣልስ እየሆኑ ተደርድረዋል። ቀድሞ ያጠናው ዜማ እዚህ አያገለግለውም፤ እያንዳንዱን ፊደል በመልኩ መለየት አለበት። የእንግሊዝ ተቆጣጣሪዎች ልጁ መጽሐፉን ቢገለብጠውም እንደሚያነበው ተመልክተው የተደነቁበትን ችግር አቡጊዳ በአንድ ገጽ ፈትቶታል። በቅኔ ቤትም ተማሪው በየጊዜው አዲስ ቅኔ መቁጠር ስለሚጠበቅበት የሌላውን በቃል ማሰማት አያሳልፈውም። እርግጥ ነው፣ የቤተ ክህነት ትምህርት በብዙ ደረጃዎቹ በቃል ጥናት ላይ የተመሠረተ ነበር፤ የንባብ ቤት ተማሪም የሚያነበውን የግእዝ ቃል ትርጉም ሳያውቅ ሊቆይ ይችል ነበር። ቢሆንም መለኪያው ራሱ እንዳይሸመደድ የማድረግ ጥበብ ከዚያ ልንወርሰው የሚገባ ነው።

በዘመናዊው ትምህርት ረገድ ሦስት የታወቁ ምሳሌዎችን እንመልከት። የመጀመሪያው ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ዘመቻው በ15 ቋንቋዎች እስከ ማስተማር ደርሷል፤ ሚሊዮኖችን አሳትፏል፤ እ.ኤ.አ. በ1980ም በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ የመሠረተ ትምህርት ሽልማት አስገኝቷል። በዘመኑ የመንግሥት ዘገባ መሠረት በ1976 ዓ.ም. ማንበብና መጻፍ የሚችለው ጎልማሳ ከመቶ 63 ያህል ደርሶ ነበር። በ1987 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ግን ዕድሜው 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነው ሕዝብ ማንበብና መጻፍ የሚችለው ከመቶ 23 ገደማ ሆኖ ተገኘ። ሁለቱ ቁጥሮች በአንድ ዘዴ የተገኙ አይደሉም፤ በመካከላቸውም ጦርነት፣ ረሀብና የሕዝብ ቁጥር ዕድገት አለ። ስለዚህ ልዩነቱን በሙሉ በዘመቻው ላይ መጫን አግባብ አይሆንም፤ በዘመቻው ዘመን ስማቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ የጻፉ እናቶች ድካምም ከንቱ አይደለም። ነገር ግን አንደኛው ቁጥር የምስክር ወረቀት የተሰጠበትን ቀን ሲያመለክት ሁለተኛው ከዓመታት በኋላ የቀረውን ያመለክታል። የሚነበብ ነገር ባልቀረበበት ሥፍራ ንባብ ይረሳል።

ሁለተኛው ምሳሌ የትምህርት ሽፋን ነው። በ1987 ዓ.ም. አካባቢ ሦስት ሚሊዮን ገደማ የነበረው የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ቁጥር በ2001 ዓ.ም. ከ15 ሚሊዮን በላይ ሆነ። ይህ ማንም ሊያቃልለው የማይገባ ድል ነው። ይሁን እንጂ በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎች በተካሄደው የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና ከተፈተኑት የ2ኛ ክፍል ልጆች ከመቶ 34ቱ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ ታወቀ። በፈንጣጣው ዘመቻ ቋንቋ ስንናገር ሽፋኑ የተከተበውን ቆጠረ፤ ምዘናው ደግሞ በሽታው የት እንዳለ አሳየ።

ሦስተኛው ምሳሌ በቅርቡ ያየነው ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ኩረጃን ለመከላከል ሲባል በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ተሰጠ። ከ890 ሺህ ከሚበልጡት ተፈታኞች ከመቶ 50ና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ፣ ማለትም ከመቶ 3.3 ሆኑ። ቁጥሩ ብዙ ወላጆችንና መምህራንን አስደነገጠ። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አስተያየት ግን ቁጥሩን ከ1963ቱ የፈንጣጣ ዘገባ ጋር አስተያይቶ ማንበብ እንደሚገባ ነው። የተጋለጠው ቀድሞም የነበረ ሁኔታ ነው። ሆኖም የፈንጣጣው ቁጥር ሠራተኛውን ወደ አንዲት የታወቀች መንደር ይመራው ነበር። የ12ኛ ክፍል ፈተና ግን የሚነግረን ልጁ ከ12 ዓመት ጉዞ በኋላ መውደቁን ብቻ ነው፤ ያልተረዳው በ2ኛ ክፍል ይሁን በ7ኛ፣ በንባብ ይሁን በሒሳብ አይገልጽም። ዘግይቶ የሚመጣ ቁጥር ጥፋተኛን ለመፈለግ ያገለግል ይሆናል፤ ለማስተማር ግን አይረዳም።

7. ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች የሚሆኑ አሳቦች

ከዚህ በላይ ከተዘረዘረው ታሪክ በመነሣት የሚከተሉት አሳቦች ቀርበዋል።

ሀ) ከቁጥር በፊት ዓላማ ይጻፍ። «የመማሪያ መጻሕፍት ሥርጭት ውጤታማ ሆኗል» የሚል ዘገባ መጽሐፉ መጋዘን መድረሱን፣ ልጁ እጅ መግባቱን ወይስ መነበቡን እንደሚያመለክት ግልጽ ይሁን። ሦስቱ የየራሳቸው ቁጥር ያስፈልጋቸዋል።

ለ) የተዳረሰው ብቻ ሳይሆን የቀረውም ይቆጠር። በእያንዳንዱ ትምህርት ቤት በ2ኛ ክፍል ማብቂያ ማንበብ ያልቻሉት ልጆች እነማን እንደሆኑ በስም መታወቅ አለበት። ይህን በቅንነት ፈልጎ ብዙ ስም ያቀረበ ትምህርት ቤት ሊነቀፍ አይገባም። የፍለጋውን ቁጥር ለቅጣት ምክንያት ካደረግነው በሚቀጥለው ዓመት የሚጠፋው ችግሩ ሳይሆን ዘገባው ነው።

ሐ) መለኪያው አቡጊዳ ይሁን። መምህሩ ከመማሪያ መጽሐፉ በታወቁ ቃላት፣ ነገር ግን በመጽሐፉ ውስጥ ያልተጻፉ አምስት ዐረፍተ ነገሮች አዘጋጅቶ ልጆቹን አንድ በአንድ ቢያስነብብ ለእያንዳንዱ ከሁለት ደቂቃ በላይ አይፈጅበትም። 60 ተማሪ ያለው መምህር በቀን ስድስት ልጅ ቢያስነብብ በሁለት ሳምንት የትምህርት ቀናት ውስጥ ሁሉንም ያዳርሳል። ልጁ ወዴት እንዳልደረሰ ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ቅጽ የለም።

መ) በሙከራ የተሳካ ዘዴ በተራው ትምህርት ቤት እንደገና ይፈተን። በሙከራ ጊዜ የነበረው የመጽሐፍ ብዛት፣ የክፍል ስፋትና የድጋፍ ጉብኝት ከሌለ የምናዳርሰው የተፈላውን ጭማቂ ሊሆን ይችላል።

ሠ) የመምህራን ሥልጠናም በዚሁ ዓይን ይታይ። በማሠልጠኛ ኮሌጆች ዕጩ መምህራን በትምህርት ቤት ልምምድ ወቅት ሲገመገሙ የክትትል ቅጹ ትኩረት የሚያደርገው በትምህርት ዕቅዱ አጻጻፍ፣ በሰሌዳ አጠቃቀምና በድምፅ ላይ ነው። እነዚህ ጠቃሚ ናቸው፤ ነገር ግን ሁሉም የመምህሩ ተግባራት እንጂ የተማሪው ለውጥ አይደሉም። ተቆጣጣሪው ከክፍሉ ከመውጣቱ በፊት የአምስት ተማሪዎችን ደብተር ቢመለከትና አንድ ጥያቄ ቢጠይቃቸው ግምገማው ከመድኃኒቱ አሰጣጥ ወደ ፈውሱ ይሸጋገራል።

መደምደሚያ

እንደተመለከትነው ለመሐንዲሱ ውጤታማነት በጥቂት ከሰል ብዙ ውሃ ማውጣት ነበር። ለሐኪሙ በሽታው መቆሙ፣ ለገበሬው ምርቱ ከራሱ ጎተራ መግባቱ ነው። የትምህርት ውጤት ከሁሉም የሚለየው ፍሬው በሰው ልጅ አእምሮ ውስጥ ስለሚኖርና ብዙ ጊዜም ዘግይቶ ስለሚታይ ነው። ይህ ማለት ግን ትምህርት አይለካም ማለት አይደለም። መለካትን የሚቃወም መምህር ማንበብ ያልቻለውን ልጅ ሳያውቀው ከክፍል ወደ ክፍል ያሳልፈዋል፤ ቁጥርን ብቻ የሚያመልክ ዕቅድ አውጪም ያንኑ ልጅ በአማካይ ውስጥ ይደብቀዋል። ሁለቱም ልጁን አላዩትም።

በመግቢያው እንደተገለጸው ፍቱን የሚባለው መድኃኒቱ ነው። ተማሪን በፈተንን ቁጥር የፈተንነው የራሳችንን ትምህርት፣ መጽሐፍና የማስተማር ዘዴ መሆኑን ካሰብን፣ የሚገኘው ቁጥር ዝቅ ቢልም የሥራ መመሪያ ይሆነናል። የትኛው ክፍል፣ የትኛው ምዕራፍ፣ የትኛው ልጅ ዘንድ እንመለስ የሚለውን የሚነግረን እርሱ ነውና። ይህ ጽሑፍም በየትምህርት ቤቱና በየዕቅድ ክፍሉ ለሚደረግ ውይይት መነሻ ይሆን ዘንድ ቀርቧል።